ቾኩ አልከፈት ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ አውቶማቲክ ቾክ

ባለ ካርቡሬተር አሮጌ መኪና ያላቸው አንባቢዎች ስለ አውቶማቲክ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን አጥብቦ ቤንዚን የሚያበዛ፣ ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ የሚከፈት የካርቡሬተር ክፍል) ደጋግመው ስለጠየቁን የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። አንድ ነገር አስቀድመን አደራ እንላለን፦ የሚኒሞውን (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) እና የድብልቁን ብሎኖች አትንኩ። የቾክ ብልሽት በእነዚያ ብሎኖች ለጊዜው ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። ቾኩ ሲስተካከል ደግሞ የተነካካው ሚኒሞ ሌላ ሥራ ሆኖ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጠዋት ወዲያው ትነሳለች። ከ10 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ግን ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቤንዚን ይሸታል። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰዋል። ቾኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ቢታጠብም ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ጠዋት በቀላሉ መነሳቷ ቾኩ በደንብ እንደሚዘጋ ያሳያል። ችግሩ ያለው አከፋፈቱ ላይ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ግድግዳ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ቾኩ የአየሩን መንገድ አጥብቦ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ የሚሰጠው ይህን ለማካካስ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቤንዚኑ ስለሚተን ትርፉ አያስፈልግም፤ ለሙሉ መቃጠል የሚበቃው በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ነው። ቾኩ ካልተከፈተ የጠዋቱ መጠን ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ጭሱም ጥላሸቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለችውን ቅጠል ብረት የሚያንቀሳቅሳት ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተጠቀለለ ሞላ ነው። ብረቶቹ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ሞላው ሲቀዘቅዝ ቅጠሉን ገፍቶ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። በእርስዎ መኪና ሞላውን የሚያሞቀው ክቡ ቆብ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው።

ምንም ሳይፈቱ በመመልከት ይጀምሩ። ሌሊቱን በቆመ ሞተር ላይ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ያንሱ። የነዳጅ መርገጫውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጠው ይልቀቁ፤ ቅጠሉ መዘጋት አለበት። ካልረገጡት ባለደረጃው ካም (ቾኩ ሲዘጋ የሞተሩን ዙር ከፍ የሚያደርገው ቁራጭ) ይዞት ስለሚቆይ ላይዘጋ ይችላል። ከዚያ ፊትዎን ከካርቡሬተሩ አፍ አርቀው ሞተሩን ያስነሱ፤ አንዳንዴ እሳት ወደ ላይ ይተፋል። ሞተሩ እንደተነሳ ቅጠሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፈት ይላል። አሁን ሰዓት ይያዙ። ብርዱ ካልከፋ የኤሌክትሪክ ቾክ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቅጠሉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ማለትም ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። በ10ኛው ደቂቃ ቅጠሉ አሁንም ተጋድሞ ከሆነ ጥፋተኛው ቾኩ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጭሱ ከቀጠለ ግን ቾኩን ይተዉትና በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ ወደሚቆጣጠሩት ተንሳፋፊና መርፌ ቫልቭ ይሂዱ፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከዋናው አፍንጫ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ የቤንዚኑ ከፍታ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

ቅጠሉ ካልቆመ ቴስተርዎን በዲሲ ቮልት ያድርጉ። ሞተሩ እየሠራ ቀዩን ጫፍ ሽቦው ቾኩ ላይ ከሚሰካበት ቦታ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ያገናኙ። ሲለኩ ሽቦው እንደተሰካ ይሁን። ተነቅሎ ሲለካ የዛገ መገናኛ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል፤ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚወድቀው። ከ12 እስከ 14.5 ቮልት ካገኙ መስመሩ ደህና ነው። ምንም ከሌለ ፊውዙን ይዩ። 7 ወይም 8 ቮልት ብቻ ካነበቡ ሽቦው ከኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው) ፖዚቲቭ ላይ ተወስዶ እንዳይሆን ይጠርጥሩ። ብዙ መኪኖች ላይ ከኮይሉ በፊት ቮልት የሚቀንስ ሬዚስተር አለ። ከዚያ ላይ የተወሰደ መስመር ቾኩን ለብ ከማድረግ አያልፍም፤ የኮይሉንም ጉልበት ይሻማል። ሬዚስተር የሌለው ቮልስዋገን ቢትል ላይ ግን የቾኩ ሽቦ ከፋብሪካው ጀምሮ የሚሰካው ኮይሉ ላይ ነው፤ እዚያ ስህተት አይደለም። በአንዳንድ የፎርድ መኪኖች ደግሞ ቾኩ የሚመገበው ከአልተርኔተሩ ስታተር በሚመጣ ወደ 7 ቮልት ገደማ በሆነ ኃይል ስለሆነ ዝቅ ያለው ንባብ ትክክል ነው፤ 12 ቮልት እንዳይሰጡት።

የመኪናዎ ካርቡሬተር ተፈትቶ ታጥቧል ስላሉን አንድ ነገር በተለይ አስጠረጠረን። ብዙ የኤሌክትሪክ ቾኮች ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) የሚያገኙት ቆቡ ከካርቡሬተሩ አካል ጋር ብረት ለብረት በመነካካቱ ነው። ሲገጠም በመካከላቸው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከገባ ወይም ቀለም ከተቀባ ኃይሉ ደርሶም ማሞቂያው አይሠራም። ለማወቅ ቾኩ ኃይል እያገኘ በቆቡ ብረትና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ቮልት ይለኩ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ የማሳው መንገድ ተበላሽቷል። ጓርኒሲዮኑን ያውጡ፣ የሚነካኩትን ፊቶች በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ሁለት መሰኪያ ያለው ቾክ ከሆነ ግን አንደኛው የራሱ የማሳ ሽቦ ነው፤ እሱን ይከተሉ።

ኃይሉም ማሳውም ደህና ሆነው ቅጠሉ ካልተነሳ ቁልፉን አጥፍተው ሽቦውን ይንቀሉና በመሰኪያውና በቆቡ ብረት መካከል ኦም ይለኩ። ጤነኛ ማሞቂያ ጥቂት ኦም ያሳያል። ቴስተሩ መስመር የለም ካለ ማሞቂያው ተቃጥሏል፤ ቆቡ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ቆቡን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በ12 ቮልት መሞከርም ይቻላል፤ ሞላው በዝግታ ሲዞር ዓይንዎ ያየዋል። ከመፍታትዎ በፊት ግን ቆቡና ቤቱ ላይ አንድ ቀጥታ መስመር ይጫሩ። ያለዚያ ምልክት መልሶ መግጠም ግምት ይሆናል።

ማሞቂያው ሠርቶም ቅጠሉ ከተጋደመበት ካልተነሳ ችግሩ ሜካኒካል ነው። ቆቡ ተፈትቶ እያለ ቅጠሉን በጣትዎ ዝጉና ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ያለ ምንም መያዝ ወደ ክፍት መውደቅ አለበት። ከያዘ ዘንጉን በካርቡሬተር ማጽጃ ያጥቡ። ዘይት አያድርጉበት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስብና በሳምንቱ እንደገና ይይዛል። ቅጠሉን ከዘንጉ ጋር ያያያዙትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አይፍቱ። ጫፋቸው እንዳይፈታ ተቀጥቅጧል፤ ተፈትተው ከላሉ አንድ ቀን ሲሊንደር ውስጥ ይገኛሉ። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ምክንያት ደግሞ የአየር ፊልትሮው ክዳን ነት ነው። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የካርቡሬተሩን የላይ ክፍል ያጣምምና ዘንጉን ይቆነጥጣል። ክዳኑ ሲነሳ ቾኩ የሚሠራ፣ ሲታሰር የሚይዝ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከጥገናው በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቾክ ያልተቃጠለ ቤንዚን በፒስተኖቹ ጎን ወደ ዘይቱ ያወርዳል። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ወዲያው ይቀየር። ለሞተሩ ከጭሱ የከፋው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሞተሩ ይነሳና ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። አራት አምስት ጊዜ ካስነሳሁት በኋላ ነው የሚጸናው። አውቶማቲክ ቾክ ይዘጋል፤ አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ሞተር በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች እንዲህ ሊጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ሲጠፋ ጥቁር ጭስ ካሳየና ካንዴላው እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበት ነው። በካርቡሬተሩ አፍ እያሳለ ከጠፋና ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል።

በመጀመሪያው ሁኔታ ተጠርጣሪው በቫኩም (በሞተሩ የአየር መሳብ) የሚሠራው ሳቢ ዲያፍራም ነው። ሞተር ለማስነሳት ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቅጠል ጥሩ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ግን የሚተነፍሰው አየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሳ የማኒፎልዱ ቫኩም ዲያፍራሙን ይስብና የሞላውን ግፊት ተቋቁሞ ቅጠሉን ከፈት ያደርገዋል። ዲያፍራሙ ከተቀደደ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ሞተሩ ይታፈናል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ቱቦውን ከማኒፎልዱ በኩል ነቅለው በእጅ ቫኩም ፓምፕ ይሳቡ። ዘንጉ ገብቶ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሳይመለስ መቆየት አለበት። አንዳንድ ዲያፍራም ላይ ሆን ተብሎ የተበሳች ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች፤ እሷን በፕላስተር ሸፍነው ካልሞከሩ ጤነኛውን የተቀደደ ያስመስልብዎታል።

ዲያፍራሙ ደህና ከሆነ ክፍተቱን ይለኩ። ቅጠሉን በቀስታ ወደ መዝጋት እየገፉ፣ ዲያፍራሙ ሙሉ በሙሉ ተስቦ እያለ፣ በቅጠሉ ጠርዝና በካርቡሬተሩ ግድግዳ መካከል የመሰርሰሪያ ብረት ለስላሳ ጎን ያስገቡ። ብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ልኩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይወድቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር በካርቡሬተሩ ሞዴል ስለሚወሰን ከጥገና መጽሐፉ ይውሰዱ። ማስተካከያው በአንዳንዱ ላይ ከዲያፍራሙ ጀርባ ያለ ብሎን ነው፤ በሌላው ላይ ደግሞ መገናኛ ሽቦውን በመጠኑ ማጠፍ ነው። በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት የጠዋቱ አነሳስ ይለወጣል፤ በትንሽ በትንሹ ይሂዱ።

ሁለተኛው ሁኔታ፣ ማለትም ቤንዚን ማነስ፣ ብዙ ጊዜ ከቫኩም ፍንጣቂ ይመጣል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮንና የደረቁ ትንንሽ ቱቦዎች መጀመሪያ ይታዩ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የሚቆይበት ልማድ ካለም ይተዉት፤ የኤሌክትሪክ ቾክ በዚያ ጊዜ ይሞቅና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ የቾኩን ቆብ በአዲስ ቀይሬያለሁ። ስንት ላይ ላቁመው?

መልስ፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። ቆቡን ሲገጥሙ የሞላው መንጠቆ የዘንጉን ጣት መያዙን ይዩ፤ ሳይዝ ከታሰረ ቾኩ ጨርሶ አይሠራም፤ በአዲስ ቆብ ላይ የሚፈጸመው ዋና ስህተትም ይህ ነው። ሦስቱን ብሎኖች ላላ አድርገው፣ የነዳጅ መርገጫውን በትንሹ እንደያዙ፣ ቅጠሉ ለጥቂት እስኪዘጋ ድረስ ቆቡን ያዙሩ። ከዚያ ቆቡ ላይ ያለውን ጭረት ቤቱ ላይ ካለው የመካከል ምልክት ጋር ገጥመው ብሎኖቹን ያጥብቁ። መነሻው ይህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ካሳለ አንድ ምልክት ያህል ወደ መዝጋት፣ ጥቁር ጭስ ካበዛ አንድ ምልክት ወደ መክፈት ይውሰዱት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መሞከር ዋጋ የለውም፤ የሞቀ ሞተር በሰዓታት ውስጥ እውነተኛውን የጠዋት ሁኔታ አይመልስም።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም በከፍተኛ ዙር ይቀራል። ፔዳሉን መታ ሳደርገው አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ አይወርድም።

መልስ፦ ይህ የባለደረጃው ካም ጉዳይ ነው። ቾኩ ሲዘጋ ካሙ ዞሮ የዙር ብሎኑን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቾኩ ሲከፈት ካሙ በክብደቱ ወይም በትንሽ ሞላ መውረድ አለበት። ሆኖም ብሎኑ ሲጫነው መውረድ ስለማይችል ፔዳሉ መነካት ያስፈልገዋል፤ መታ ሲያደርጉት መውረዱ ትክክል ነው። አንዳንዴ አለመውረዱ ካሙ መያዙን ያሳያል። ያጥቡት፣ የሞላዋን መኖር ያረጋግጡ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ስንጥቅ ይፈልጉ። ሞተሩ ሞቆ ቅጠሉ ቀጥ ሲል በብሎኑና በካሙ መካከል ክፍተት መታየት አለበት። ክፍተቱ እያለ ዙሩ ካልወረደ የነዳጅ ካቦው ተወጥሮ እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቾክ የሚሞቀው በራዲያተር ውኃ ነው። ሁልጊዜ በግማሽ ተከፍቶ ይቀራል።

መልስ፦ ሞተሩ በሥራ ሙቀት ላይ እያለ ወደ ቆቡ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ በእጅዎ ይንኩ። ሁለቱም ትኩስ መሆን አለባቸው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ውኃው አይዘዋወርም፤ ወይ መንገዱ በዝገት ተዘግቷል ወይ አየር ገብቶበታል። ቆቡ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚሆን የውኃው መጠን በትንሹም ሲጎድል አየሩ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሞተሩ በርዶ ራዲያተሩን ይሙሉ፤ ትኩስ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይክፈቱ። ሁለቱም ቱቦዎች ለብ ብቻ ካሉ ደግሞ ወደ ሞተሩ ቴርሞስታት ይዙሩ። ተከፍቶ የቀረ፣ ወይም «አያስፈልግም» ተብሎ የወጣ ቴርሞስታት ሞተሩን ከሙቀቱ በታች ያስቀረዋል፤ ቾኩ ደግሞ የተሰጠውን ውኃ እንጂ ሌላ አያውቅም። እንዲህ ዓይነቱን መኪና ይዞ ቾክ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

በሞቀ አየር የሚሠራ ቾክ ያላችሁ አንባቢዎችም ተመሳሳይ ምልክት ስታዩ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ወደ ቆቡ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ፈትሹ። ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ክፍል ዝጎ ሲበሳ ከንጹሕ ትኩስ አየር ፈንታ ጭስ ይስባል። ቆቡ ውስጥ ጥላሸት ከተገኘ ማረጋገጫው እሱ ነው። በዚህኛው ዓይነት ላይ ጓርኒሲዮኑ ግዴታ ነው፤ ካልገባ ቀዝቃዛ አየር ይሾልካል። ከኤሌክትሪኩ ጋር አታምታቱት።

ጥያቄ፦ ሞተሩ በቤንዚን ሲታፈን እንዴት ላስነሳው?

መልስ፦ የነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠው ሳይለቁ ይያዙና ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያስነሱ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ሲሆን አንድ ክንድ ቅጠሉን በግድ ከፍቶ አየር ያስገባል። ፔዳሉን ደጋግመው አይምቱ፤ እያንዳንዱ ምት በአክሰለሬተር ፓምፑ በኩል ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ፔዳሉ ተረግጦ ቅጠሉ የማይከፈት ከሆነ ክንዱ ጠምሟል።

ጥያቄ፦ አውቶማቲኩን ነቅዬ በእጅ የሚጎተት ቾክ ባስገባስ? ወይም ቅጠሉን ክፍት አድርጌ በሽቦ ብቋጥረው?

መልስ፦ በሽቦ መቋጠሩን አንመክርም። ቀዝቃዛው ሞተር የሚያስፈልገውን ቤንዚን በፔዳል ምት ለመስጠት ይገደዳሉ፤ እሱ ደግሞ በአንዴ ብዙ፣ ወዲያው ደግሞ ምንም ስለሚሆን ሞተሩ እያሳለ ይነሳል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠፋል። የእጅ ቾክ ግን ለካርቡሬተሩ ሞዴል የተሠራ መቀየሪያ ካለ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ሦስት ነገር ይጠብቁ፦ ካቦው ሲገፋ ቅጠሉ ፍጹም ቀጥ ይበል፤ ባለደረጃው ካም አብሮ ይንቀሳቀስ፤ ሳቢው ዲያፍራም በቦታው ይቆይ፤ የእጅ ቾክ ሲሆንም ሥራውን አያቆምም። የተረፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፍ በደንብ ይሸፍኑት፤ ቁልፉ ሲከፈት ኃይል ስላለበት ማኒፎልዱን ከነካ ፊውዙን ያቃጥላል። ፊውዝ በሌለበት መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ራሱ ይቀልጣል።